«ጢጣ» እንዴት «ቲታ» ሆነ? በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የቦታ ስሞች በነዋሪውና በእንግዳው አንደበት

ባለፈው ክረምት ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የቆመ አንድ ወጣት ስልኩን እያየ «ወንድም፣ ቲታ ታደርሰኛለህ?» ሲል ሹፌሩን ጠየቀው። ሹፌሩ ግንባሩን ቋጠር አድርጎ «ቲታ የሚባል ሰፈር አላውቅም» አለው። ወጣቱ ስልኩን አዙሮ ካርታውን አሳየው። ሹፌሩም ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና «ጢጣ ነዋ! አብሽር፣ ግባ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ነገሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ እኔ ግን ባጃጁ ከሄደ በኋላም ሳስበው ቆየሁ። ወጣቱ በአነጋገሩ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ነው። «ጠዋት»፣ «ጤና»፣ «ጥሩ» ሲል ይውላል፤ የ«ጠ» ድምፅ አያስቸግረውም። ስለዚህ «ጢጣ»ን «ቲታ» ያሰኘው የአንደበቱ ችግር አይደለም፤ ስሙ ወደ እርሱ የደረሰበት መንገድ ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ነዋሪውና እንግዳው አንዱን ስም ለየቅል የሚጠሩበትን ምክንያት ለመረዳት የሚፈልግ ሰው መመርመር ያለበት ይህንኑ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቦታ ስም ወደ ሰው የሚደርሰው በጆሮ ወይም በዓይን ነው። ነዋሪው የሰፈሩን ስም የሚማረው ማንበብ ከመቻሉ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ እናቱ «ሆጤ ሂድና ጥራው» ስትለው፣ የታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲጣራ፣ ሽማግሌዎች ከጦሳ ተራራ ስለሚወርደው ብርድ ሲያወሩ ይሰማዋል። እንግዳው ግን በአብዛኛው ስሙን መጀመሪያ የሚያገኘው ተጽፎ ነው፤ በምደባ ደብዳቤ ላይ፣ በካርታ ላይ፣ በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ። ጽሑፍ ደግሞ፣ በየትኛውም ፊደል ይሁን፣ ከድምፁ ጥቂት ነገር ሳያስቀር አይጽፍም። የሚያስቀረው ነገር በእኛ ፊደልና በላቲኑ የተለያየ ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይሻላል።

በራሳችን ፊደል ልጀምር። የአማርኛ ፊደል 33 መሠረታውያን ሆሄያት በ7 ድምፅ እየተለዋወጡ 231 ቅርጾች የሚሰጡበት ሥርዓት ነው። ለቋንቋው የተመቸ፣ አናባቢውንና ተነባቢውን አንድ ላይ አዋሕዶ የሚይዝ ግሩም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለው ቃል ናው ሲላላ «እስካሁን ያልሆነ» የሚል ሐሳብ ይሰጣል፣ ሲጠብቅ ግን የልደት በዓል ነው። «ዋና» ናው ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተቀዳሚ ማለት ይሆናል። «አለ» ለው ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። እነዚህን ስናነብ የማንሳሳተው ፊደሉ ስለነገረን ሳይሆን በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ስለሚመራን ነው። የቦታ ስም ግን እንዲህ ያለ መሪ የለውም። ሰሌዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲታይ ከፊቱም ከኋላውም የሚረዳው ቃል የለም።

ልዩነቱን በሁለት የወሎ ስሞች ማየት ይቻላል። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ደሴን አይቶ የማያውቅ የጎጃም ወይም የአዲስ አበባ ሰው ይህን ስም ቢያነብ «ጠ»ንም «የ»ንም አጥብቆ በትክክል ይጠራዋል፤ ምክንያቱም ቃሉ «አይጠየፍም» ከምንለው ግሥ የመጣ ስለሆነ፣ ሰዋስዉ ራሱ በአንደበቱ ውስጥ አለ። ትርጉሙ የሚታወቅ ስም ራሱን ይጠብቃል። አሁን «ወረኢሉ»ን እንውሰድ። አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መባቻ ባወጁት የክተት አዋጅ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ብለው ስለጠሩት በየትምህርት ቤቱ የሚነበብ ስም ነው። የአገሬው ሰው ሲጠራው ረው ይጠብቃል። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን፣ የእገሌ ሰዎች ማለት ነው፤ በዚያም ቋንቋ ይኸው ድምፅ ጠባቂ ነው። ይህን የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ግን ረውን እንዲያጠብቅ የሚነግረው አንዳች ምልክት የለም፤ አላልቶ ቢያነበው ፊደሉን አልበደለም። «ወረባቦ»ና «ወረሂመኖ» ላይም የሚገጥመው ይኸው ነው።

«ወሎ» የሚለው የራሱ የአገሩ ስም ሳይቀር በዚህ አደጋ ውስጥ ያለ ነው። ሎው እንደሚጠብቅ ፊደሉ አይናገርም። ማንም ሳያጠብቅ የማይጠራው በዘፈንና በራዲዮ፣ በሰውም አንደበት ሁልጊዜ ስለምንሰማው ብቻ ነው። ስሙ ዝነኛ መሆኑ አዳነው። ዝነኛ ያልሆኑት ትንንሾቹ ቀበሌዎችና ጎጦች ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም፤ ከአገራቸው ወጥተው የሚሄዱት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፊደላችን የማይነግረን ነገር የሳድስ ጉዳይ ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ የራሱ አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ባዶውን ይቀራል፤ ቅርጹ ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ከኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለውን ወረዳ አንዳንዱ «አልብኮ»፣ ሌላው «አልቡኮ» ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱም የሰሙትን ነው የጻፉት፤ ብ በከንፈር የሚነገር ድምፅ ስለሆነ ከእርሱ ቀጥላ የምትመጣው አጭር የሳድስ አናባቢ ወደ ካዕብ ትጠጋለች። በዚህ ላይ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ» እና የመሳሰሉት ሞክሼ ፊደሎች ሲጨመሩ አንድ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የእቴጌ መነን እናት በሆኑት በንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የተሰየመውን ስመ ጥር የደሴ ትምህርት ቤት ልብ ብሎ ያየ ሰው «ስህን»፣ «ስሂን»፣ «ስኂን» ተብሎ ያገኘዋል። ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። በፊደላችን የሚደርሰው ጉዳት ድምፅ ማጥበቅና ማላላት ላይ የሚቀር ስለሆነ፣ እንግዳው ቢሳሳትም ነዋሪው ምን ማለቱ እንደሆነ አያጣውም።

ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ተሻግሮ እንደገና ወደ እኛ ፊደል ሲመለስ ነው። ላቲን 26 ፊደላት ብቻ ናቸው ያሉት፤ ከእነዚህ ውስጥም ለ«ቀ»፣ ለ«ጠ»፣ ለ«ጨ»፣ ለ«ጰ» እና ለ«ጸ»፣ ማለትም ትንፋሽ በጉሮሮ ታፍኖ ለሚፈነዱት ድምፆች፣ የተመደበ አንድም የለም። ስለዚህ ጸሐፊው በቅርብ ባገኘው ፊደል ይተካቸዋል። «ጠ» በእንግሊዝኛው ቲ ይጻፋል፤ «ተ»ም በቲ ይጻፋል። «ቀ» በኬ፣ «ከ»ም በኬ። መሄጃው መንገድ ሁለት ሆኖ ሳለ መመለሻው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ሲመለስ አንባቢው ከሁለቱ የለመደውን ይመርጣል። «ጢጣ» ቲታ፣ «ሆጤ» ሆቴ፣ «ጦሳ» ቶሳ የሚሆኑት በዚህ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቆረቁረኝ የ«ቃሉ» ነው። ኮምቦልቻን ከብቦ የሚገኘው ወረዳ ስሙ ቃሉ ነው። በላቲን በኬ ስለሚጻፍ፣ ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ሪፖርትና ዜና ላይ «ካሉ ወረዳ» ሆኖ ሲመጣ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። «ካሉ» በአማርኛ «የሚገኙ ከሆነ» ወይም «የተናገሩ እንደሆነ» ማለት ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ያናጋዋል። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር እጄ ገብቶ ነበር። ዝርዝሩ መጀመሪያ በአማርኛ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ለኮምፒውተር ሲባል ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ተገልብጧል፤ በመጨረሻም ለምስክር ወረቀት ወደ አማርኛ ተመልሷል። ከቃሉ የመጡት አንድ አባት ወረቀታቸውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም ቀና ብለው «ልጄ፣ ስሜ የኔው ነው፤ አገሬ ግን የኔ አይደለም» አሉኝ። ወረቀቱን እኔ አላዘጋጀሁትም፤ ቢሆንም መልስ አጣሁ።

የላቲኑ አጻጻፍ ሌላም ችግር አለው፤ አንድ ወጥ ሥርዓት የለውም። የኢትዮጵያን ቦታዎች በላቲን መጻፍ የጀመሩት ጣሊያኖች፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በየራሳቸው የአነባበብ ልማድ ነበር፤ የዛሬው አጻጻፋችን የእነርሱ ድብልቅ ነው። «ሰኞ ገበያ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። «ኞ» ብዙ ጊዜ በጂ፣ በኤንና በኦ ይጻፋል። ጂና ኤን ተከታትለው ሲመጡ «ኘ» የሚነበቡት በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ ነው። በእንግሊዝኛ ንባብ ያደገ ሰው ግን «ሰግኖ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም፤ ፊደሉ በአንድ ቋንቋ ልማድ ተጽፎ በሌላ ቋንቋ ልማድ ስለተነበበ ነው።

የ«ደሴ» ራሱ ታሪክ ከዚህ የረቀቀ ነው። ከተማዋን አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሰፍረውባት ከደስታ ጋር አያይዘው እንደሰየሟት በትውፊት ይነገራል። ይህን አጭር ስም የውጭ አገር ሰዎች ሲጽፉት ኤስን ሁለት ጊዜ ደርድረው መጨረሻ ላይ አይ እና ኢ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አከሉ። ለምን ሁለት ኤስ? በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢዎች መካከል ብቻዋን የገባች ኤስ ወደ «ዘ» ትጠጋለች፤ «ደዜ» እንዳይሆን ደገሟት። ስለዚህ በላቲን የተደገመ ፊደል ስላየን ብቻ ድምፁ በአማርኛ ይጠብቃል ብለን መደምደም የለብንም፤ «ጦሳ» ሲጻፍም ኤስ ሁለት ጊዜ የምትመጣው በዚሁ ልማድ ነው። አይ እና ኢ አንድ ላይ የመጡትስ? በቆየው የአማርኛ አነጋገር ኀምስ ድምፅ ከተነባቢው በኋላ ቀጠን ያለች የ«የ» ሽታ አላት፤ «ሴ» ስንል በ«ስ»ና በ«ኤ» መካከል ምላስ ወደ ላንቃ ትንሽ ታዘነብላለች። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች ይህችን ሽታ ሰምተው ነው አይዋን ያስገቧት። በድሮ የአውሮፓውያን መጻሕፍት ውስጥ «ቦሩ ሜዳ»ም በሜው ላይ ይህችው አይ ተጨምራባት የምትገኘው ለዚህ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ሁለቱን ፊደላት አንድ ላይ ሲያይ «ኢ» ብሎ ያነባቸዋል፤ ከተማችንም በውጭ አገር ሰው አፍ «ዴሲ» ትሆናለች። መነሻው ግን ስንፍና አይደለም። የድሮው ሰው ከእኛ ጆሮ ያመለጠችን ድምፅ ለመያዝ ብዙ መጠንቀቁ ነው።

ኮምቦልቻም እንዲሁ በኬም በሲም ትጻፋለች። አውሮፕላን ማረፊያው በሲ ተጽፎ ይገኛል፤ የበረራ መለያው ደግሞ ዲ፣ ኤስ፣ ኢ ነው፤ ማረፊያው ኮምቦልቻ ሆኖ መለያው የደሴን ስም ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ መንገደኛ ቲኬቱን አይቶ ግራ ቢገባው አይገርምም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው የታሪክ ምሳሌ ከደሴ በስተሰሜን፣ ከሐይቅ አልፎ በአምባሰል የሚገኘው ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል የተፈረመውን ውል እኛ «የውጫሌ ውል» እንለዋለን። በጣሊያንኛው በኩል ግን ስሙ «ኡቻሊ» ተብሎ የሚነበብ ሆነ። ጣሊያንኛ «ወ»ን በ«ኡ» ይተካል፤ «ጨ» የለውምና «ቸ» አደረገው፤ ፍጻሜው ላይ ያለችው «ሌ»ም «ሊ» ሆነች። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል መለያየት ስላስከተለው ጦርነት ብዙ ተጽፏል። ሁለቱ ወገኖች ወረቀቱ የተፈረመበትን ቦታ እንኳ በአንድ ድምፅ አልጠሩትም ነበር።

እስካሁን «ነዋሪው በትክክል ይጠራል፣ እንግዳው ይሳሳታል» በሚል መንፈስ ነው የጻፍኩት። እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እርሱ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ካሉት ስሞች ብዙዎቹ አማርኛ አይደሉም። «ለጋምቦ» እና «ለገሂዳ» ላይ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። «ጨፋ» ረግረጋማ መስክ ማለት ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወርደውን ለምለም ሜዳ ያየ ሰው ስሙ በትክክል እንደወጣለት ይመሰክራል። «ኮምቦልቻ»ም በኦሮምኛ እኛ «አጣጥ» የምንለው ዛፍ ስም ሲሆን፣ በምሥራቅ ሐረርጌም ይህን ስም የያዘ ሌላ ኮምቦልቻ አለ። ስለዚህ የደሴ አማርኛ ተናጋሪ ለአዲስ አበባው እንግዳ «ነዋሪ» ቢሆንም፣ ለስሙ የመጀመሪያ ባለቤት ግን እርሱም በተራው እንግዳ ነው።

ኦሮምኛ የአናባቢን መርዘምና ማጠር ለትርጉም ይጠቀምበታል፤ «ለፈ» በሚመስል አጭር ድምፅ ሲነገር መሬት ማለት የሆነው ቃል፣ ሁለቱም አናባቢዎች ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ይሆናል። አማርኛ ይህ ልዩነት የለውም። የኦሮምኛውን አጭር አናባቢ አማርኛ ተናጋሪ በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ይቀበለዋል፤ «ወሎ»፣ «ለገ» እና «ወረ» በግዕዝ ድምፅ የምንጽፋቸው ለዚህ ነው። «ኮምቦልቻ» ስንል መጨረሻው ላይ የምናሳጥራት «ቻ»ም በኦሮምኛ ረጅም ናት። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የቁቤ አጻጻፍ ደግሞ የላቲንን ፊደላት ለራሱ ድምፆች አዲስ ሥራ ሰጥቷቸዋል፤ ኪው «ቀ» ነው፣ ኤክስ «ጠ» ነው፣ ሲ ብቻዋን ስትሆን «ጨ» ናት። በዚህ ምክንያት ቁቤ ከእንግሊዝኛው ልማዳዊ አጻጻፍ ይልቅ ለእነዚህ ስሞች ታማኝ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱን ያልተማረ መንገደኛ ከሚሴ አካባቢ «ጨፋ» በቁቤ ተጽፎ ቢያይ «ካፋ» ብሎ ያነበዋል። ጥፋቱ የሰሌዳው አይደለም፤ አንባቢው የእንግሊዝኛን ቁልፍ ይዞ የኦሮምኛን በር ለመክፈት ስለሞከረ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ኦሮምኛ ረቡዕን «ሮቢ»፣ ሐሙስን «ከሚሳ» ይላል። በደሴ «ሰኞ ገበያ» እና «ሮቢት» የሚባሉ ሰፈሮች አሉ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከሚሴ አለች። እነዚህን ስሞች ከገበያ ቀን ጋር የሚያያይዟቸው ብዙዎች ናቸው። «ሰኞ ገበያ»ን ሁሉም ይረዳዋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ቋንቋውን ለማያውቅ ዝም ይላሉ።

ነዋሪው ራሱ ስሙን ሲጠራ እንደተጻፈ አይጠራውም፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚሳሳተው በጣም የሚጠነቀቀው እንግዳ ነው። በአፍ ብዙ የተመላለሰ ስም ያልቃል፣ ይሳሳል። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ወረዳ በመንግሥት ጽሑፍ «ተሁለደሬ» ይባላል፤ በአንደበት ግን በሁለት አናባቢ መካከል ያለችው «ሁ» ትቀልጥና «ተውለደሬ» ትሆናለች፤ እንዲያውም እንደዚያ ተጽፎም ይገኛል። «ሁ»ን እያጎላ ፊደል በፊደል የሚጠራውን ሰው ወዲያው እንግዳ መሆኑን ያውቁበታል። ረዳቱ ሲጣራ «ሰኞ ገበያ» ብሎ አይጨርስም፣ «ሰኞ! ሰኞ!» ይላል፤ ማክሰኞ ቀን ለሚሰማው እንግዳ ግራ ያጋባል። በገጠሩ ደግሞ «ከ» በ«ተ» ስለምትተካ «ተደሴ መጣሁ»፣ «ተሐይቅ ወረድኩ» ሲባል፣ ያልለመደው ሰው «ተሐይቅ» የሚባል ሌላ አገር ያለ ይመስለዋል። «ፒያሳ» ይህን የመሰለ ለውጥ ከጨረሱት ስሞች አንዱ ነው። የጣሊያንኛው ቃል በመካከሉ ያለው ድምፅ «ጽ»ን ላላ አድርጎ እንደመጥራት ያለ ነው፤ የእኛ ሰው «ሳ» አድርጎ ተቀበለውና የራሱ አደረገው። ዛሬ አንድ ጣሊያናዊ ደሴ መጥቶ በራሱ አነጋገር ቢጠራው እንግዳ የሚባለው እርሱ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው የቱ ነው? የእኔ አቋም የነዋሪው አጠራር መሪ ሊሆን ይገባል የሚል ነው። ነዋሪው ከአንድ በላይ ቋንቋ ሲናገር ደግሞ ከአንድ በላይ ትክክለኛ አጠራር አለ፤ የከሚሴው ረጅም «ቻ» እና የደሴው አጭር «ቻ» አንዱ ሌላውን የሚያርምበት ምክንያት የለም። «ካሉ ወረዳ» ግን የማንም አጠራር አይደለም፤ የሚናገረው ሕዝብ የለውም፣ ከወረቀት የተወለደ ስሕተት ነው። የተወረሰ ልዩነትንና የመገልበጥ ስሕተትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሊከበር፣ ሁለተኛው ሊታረም የሚገባው ነው።

ማረሙም ከባድ አይደለም። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የአካባቢን ስም ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በግምት መመለስ የለበትም፤ ስሙ አስቀድሞ በአማርኛ ተጽፎ አለና የወረዳውን ማኅተም ወይም የቀበሌውን ሰሌዳ ማየት ይበቃል። የስም ዝርዝር በኮምፒውተር የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት ከላቲኑ ጎን የአማርኛውን ዓምድ ሳይሰርዝ ቢያቆየው፣ ከላይ ያነሳኋቸው አባት አገራቸውን ባላጡ ነበር። ዜና የሚያነብ ጋዜጠኛ ደግሞ ዜናው ከመጣበት ወረዳ ለአንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ስሙን እስቲ ይጥሩልኝ» ማለት ይችላል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በጽሑፍ የማይገኘውን መጥበቅና መላላት የሚሰጠውም እርሱ ብቻ ነው። አንዳንድ መዝገበ ቃላት የሚጠብቀውን ፊደል በላዩ ላይ ነጥብ በማድረግ ያመለክታሉ፤ ምልክቱ በዩኒኮድም ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ቢያንስ በትምህርት መጻሕፍትና በካርታ ላይ እንዲህ ላሉ ስሞች ብንጠቀምበት እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ወረባቦ የተመደበ አንድ አዲስ መምህር ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። የምደባ ደብዳቤውን አውጥቶ የወረዳውን ስም ሲያነብልኝ ረውን አላላው። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዞር አሉና «ወረባቦ ነው፣ ልጄ» አሉት። መምህሩ ወረቀቱን ደግሞ አየው፤ ያነበበውም እርሳቸው ያሉትም በፊደል አንድ ነው፤ እዚህም ሁለቱን ለይቼ ልጽፋቸው አልችልም። «እማማ፣ እንደገና ይበሉልኝ» አላቸው። ረው ላይ ረገጥ አድርገው፣ ቀስ ብለው ደገሙለት። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና አብሯቸው አለው፤ ሦስተኛው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁለት።